ቀዩና ነጩ ክር

መምህርቷ ቀዩን ክር በመቀስ ስትቆርጥ አማቷ በሩ ላይ ደረሱ። ክሩ ዘንድሮ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩት አማቷ ለልጅ ልጃቸው ከደብረ ብርሃን ይዘውት የመጡት ቀይና ነጭ የሱፍ ኮፍያ ነበር። በአሰብ ሙቀት ሕፃኑ ሊያደርገው ስላልቻለ መምህርቷ ለነገው የባዮሎጂ ትምህርቷ ተርትራዋለች።

"ኮፍያዬን!" አሉ አማቷ።

ደነገጠች። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸውልዎት፣ ቀዩ እርስዎ ነዎት፤ ነጩ ደግሞ አባባ ናቸው።"

አማቷ ፊታቸውን አዞሩ። ከልጃቸው አባት ጋር ከተፋቱ ወዲህ የሰውየው ስም ፊታቸው ተነስቶ አያውቅም።

"ልጅዎ ከሁለታችሁም የወረሳቸው፣ መልክ የሚያስተላልፉ ክሮች ዘር ሲያፈራ በሰውነቱ ውስጥ እንዲህ ይጠጋጋሉ" አለች እየፈራች፣ ሁለቱን ክሮች አጠጋግታ። "ፕሮቲን የሚባሉ ረቂቅ ነገሮች ቦታ መርጠው ይቆርጧቸዋል፤ ቁራጩን አቀያይረው መልሰው ይገጥሙታል። ቢያንስ አንዴ ሳያቀያይሩ አይለቋቸውም። ለሕፃኑ የደረሰው ይህ የተቀጠለው ነው።" የቀዩን ጫፍ ከነጩ ጋር ቋጥራ አሳየቻቸው።

አማቷ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ ከሚሽከረከረው ቬንቲሌተር ስር የተኛውን ሕፃን አዩ። ጆሮው የሰውየው፣ አገጩ የራሳቸው ነበር።

"አይፈታም?"

"አይፈታም፣ እማማ።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። ክሩን ከእጇ ተቀብለው ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ሳቡት።

"እንዲህ አጥብቀሽ ቋጥሪው እንጂ!" አሉ። "ያ ሰውዬ ማምለጥ ያውቅበታል።"