ባንዲራው ይነቀል ወይስ ይቆይ

ዘርአብሩክ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከሆቴሉ የወጣው የክፍሌን ተንኮል ሊያጋልጥ ቆርጦ ነው። የጎልፉ ዋንጫ የሚለየው ዛሬ ነው። ክፍሌ ሁለት ዓመት በተከታታይ ወስዶታል፤ ሦስተኛ ከወሰደው እስከ ወዲያኛው እሱ ቤት ይቀራል። ይህን ባሰበ ቁጥር ዘርአብሩክ እንቅልፍ የለውም።

ጎልፍን ሞያሌ ያስገባ እሱ አይደለም እንዴ! አስፋልቱ ሲሠራ ሆቴሉ ያረፈ አንድ መሐንዲስ አንድ ቦርሳ ሙሉ ዱላ ጥሎለት ሄደ። ዘርአብሩክ ቡቲዬ መንደር ጫፍ ያለውን ሜዳ አስጠረገ፣ ስድስት ጉድጓድ አስቆፈረ። ሣር ስለሌለ በየጉድጓዱ ዙሪያ አሸዋ በተቃጠለ ዘይት እያሸ ደለደለ። ባንዲራም ሰቅሎ ነበር። የቡቲዬ ፍየሎች በሳምንት ውስጥ ስድስቱንም ቅርጥፍ አድርገው በሉት። ጉራቻ ነው በጨርቁ ፋንታ በየእንጨቱ አናት የግመል ቃጭል ያንጠለጠለው፤ ከእንጨት የተጠረበውን፣ ነፋስ ሲነካው ቋ ቋ የሚለውን። ሰዉ ግን አሁንም ባንዲራ ነው የሚለው።

ጉራቻ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ የጨዋታውም ዳኛ። አብሯቸው ይጫወት የነበረው ጆሴፍ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከግራሩ ሥር ወንበር ሰጥተው ነጥብ መዝጋቢ ያደረጉት ጉራቻና ዘርአብሩክ ናቸው። ጆሴፍ ከዚያ ወዲህ ዱላ አልነካም።

"እኔን እዚያ ወንበር ላይ ከምታስቀምጡኝ ቅበሩኝ" አለ ክፍሌ ያን ዕለት። ሁሉም ሳቁ።

ጭቅጭቁ የመጣው በኋላ ነው። ድሮ ክፍሌም እንደ ሰው ኳሱ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ ባንዲራውን ነቅሎ ነበር የሚመታው። ካቻምና ድንገት "ይቆይ" ማለት ጀመረ። ዘርአብሩክ ይነቅላል፤ ኳስ እንጨት መትታ ስትመለስ ማየት ያንገበግበዋል። ክፍሌ አይነቅልም፣ ያሸንፋል።

ደግሞ ኮርቷል። ፒካፑን ሸጠ፤ "በእግር መሄድ ለጤና ነው" አለ። ሱቁን ለልጁ ለሚሚ ለቀቀ። መንገድ ላይ ዘርአብሩክን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሲጠሩት ግን "ዘርአ! የኔ ጌታ!" ብሎ እቅፍ! አስመሳይ። ሚስቱ ጽጌ ቦርሳውን ትሸከማለች፣ ኳሱን ታስቀምጥለታለች፣ ከኋላው ቆማ ትከሻውን ታስተካክላለች። በስልሳ ዓመቱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንደ ሙሽራ ይንሸራሸራል። ጉድጓድ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ እሷ ቀድማ ሄዳ እንጨቱን ነቅነቅ ታደርገዋለች።

"ጊንጥ እንዳይኖር ነው" ትላለች።

ጊንጥ! ዘርአብሩክ እዚህ ሜዳ ላይ ስድስት ዓመት ሲመላለስ አንድም ጊንጥ አላጋጠመውም። እንጨቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ሐሙስ ዕለት ብቻውን ሄዶ ለካው፣ አሸተተው፣ የስድስተኛውን ከሁለተኛው ጋር አቀያየረው። ምንም አላገኘም። ይህ ደግሞ ጥርጣሬውን አባሰው።

አምስት ጉድጓድ ድረስ እኩል መጡ። ስድስተኛው ላይ ዘርአብሩክ ባንዲራውን ነቀለ፣ አስገባ፣ መልሶ ተከለው። የክፍሌ ኳስ ስምንት እርምጃ ላይ ቆማለች። ይህቺን ካስገባ ዋንጫው የሱ ነው።

ዘርአብሩክ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ያስመጣውን የሕግ መጽሐፍ ከኪሱ አወጣ።

"ቦርሳ ያዥ ከተጫዋቹ ኋላ ቆሞ አቅጣጫ አያሳይም ይላል። ጽጌ ወደ ዛፉ ትሂድ።"

ጉራቻ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። "ሳዋ" አለ በስዋሂሊ። "እውነቱን ነው።"

ጽጌ ደነገጠች። "ስንት ጊዜ ስይዝለት ኖሬ ዛሬ ምን ተገኘ፣ አቶ ዘርአብሩክ?"

"መጽሐፉን ጠይቂው።"

"ተይው፣ ጽጌ" አለ ክፍሌ። "እንጨቱን ነቅነቅ አድርጊልኝና ሂጂ።"

ነቀነቀችው። ቃጭሉ ቋ ቋ አለ። ከዚያ ቦርሳውን አንጠልጥላ፣ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

"ባንዲራውስ?" አለ ዘርአብሩክ።

"ባለኳሱ እንደፈቀደ ነው የሚለው" አለ ጉራቻ። "ክፍሌ?"

"ይቆይ።"

ዘርአብሩክ ደሙ ፈላ። እዚሁ ዓይኑ እያየ እነቅለዋለሁ፣ አለ በልቡ። ይጩኽ። ይህ እንጨት ምኑ እንደሆነ ጮኾ ይናገር። ሄዶ ቃጭሉን በመዳፉ ጨመቀና እንጨቱን መዘዘ። ጉራቻ ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጁ ዝም አሰኘው። ሦስት እርምጃ ወደ ክፍሌ ቀኝ በኩል ሄዶ እንጨቱን እንደያዘ ቆመ።

ክፍሌ ፊት ለፊቱ ነው። ምንም አላለም።

ንቀት! ሌባ እንኳ ሲነኩበት ይናገራል። ይህ ግን ሊቆጣ እንኳ አልፈለገም። ዘርአብሩክን ከመሸነፉ ይልቅ ይህ አመመው።

"ነፋሷ ቆመች አይደል?" አለ ክፍሌ ፈገግ ብሎ። አጭሩን ዱላ ይዞ ጠበቀ።

ዘርአብሩክ እጁ ስለደከመ ቃጭሉን ለቀቀው። ከኡራን መንደር በኩል ትንሽ ነፋስ መጣ። ቋ፣ ቋ።

ክፍሌ እግሩን ወደ ቀኝ መለስ አድርጎ መታ። ኳሷ በአሸዋው ላይ ቀስ እያለች ተንከባለለች፣ ጉድጓዱን በግራ ትታ ቀጥ ብላ መጣችና የዘርአብሩክን ጫማ ነክታ ቆመች።

"ገባች?" አለ ክፍሌ።