በርሜሎቹ ሳይሰሙ

«ምድር ቤት አለው?» አሉ ሙሴ ፌርናን፣ አልጋውን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ።

አከራይዋ መጋረጃውን ገልጣ የወይኑን ተዳፋት ልታሳያቸው ነበር። እጇ መጋረጃው ላይ እንዳለ ቀረ። «ምድር ቤት ምን ያደርግልዎታል? አይጥ ሊያረቡ ነው?»

«በርሜል ያለበት ምድር ቤት ነው የምፈልገው።»

«እኔ ጋ ያለው አልጋና ቁርስ ነው፣ ሙሴ። ከበርሜል ጋር ማደር የፈለገ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ይሂድ!»

ሶላንዥ ይቅርታ ጠይቃ አባቷን ደግፋ ወጣች። ከዚህ በፊት ያዩትን ቤት አባቷ «አዲስ ነው፣ ከሥሩ ምንም የለውም» ብለው ትተውት ወጥተዋል። ከዚያ በፊት ያዩት ደግሞ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ወይኑ ተለቅሞ ማለቁ ስለሆነ መንደሩን እንግዳ ሞልቶታል፤ ባዶ ክፍል ማግኘቱ ራሱ ዕድል ነው። እናቷ ኢቬት ሊዮን ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሞታ፣ ነገ ጧት እዚህ አብዛኛውን ዕድሜዋን በኖረችበት መንደር ትቀበራለች። አባትና ልጅ የሚያስፈልጋቸው ለዛሬ ማደሪያ ብቻ ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን እንደዘጋች ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባዬ፣ እማዬ ነገ አፈር ልትገባ አንተ የምታስበው ስለ መጠጥ ነው? ትንሽ እንኳ አታፍርም?»

ሙሴ ፌርናን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያሻሹ ጀመር። ያን ጊዜ እሷ ራሷ አፈረች፤ ይቅርታ ልትል ፈልጋ ግን አፏ እምቢ አላት።

«አንድ ቤት ቀርቷል» አለች። «የቱ እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። መኪናውን ንጂ።»

የቀረው ቤት የገዛ ቤታቸው ነበር። የሽማግሌው ጉልበት ሲከዳቸው፣ ብቸኛ ልጃቸውም ወይን ከመግረዝ ሊዮን ተቀምጣ መነጽር መሸጡን ስትመርጥ፣ ተዳፋቱን ጎረቤት ገዛው፣ ቤቱን የፓሪስ ሰዎች ወሰዱትና የእንግዳ ማረፊያ አደረጉት፤ ባልና ሚስቱም ልጃቸው ጋ ሊዮን ገቡ። ነገሩ ሁሉ በደላላና በውል አዋዋይ ስላለቀ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

በሩን የከፈተችላቸው ባለቤት ወጣትና ደግ ሴት ናት። ደረጃውን ቀድማ እየወጣች ታወራለች። «ይሄ የድሮዎቹ ባለቤቶች መኝታ ቤት ነበር። ገበሬዎች ነበሩ አሉ። ስንገባ ግድግዳውን ብታዩት፣ ጥላሸት ብቻ!»

«ምድጃው ነው» አሉ ሙሴ ፌርናን። «ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ ጢሱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።»

«እንዴ! እንዴት አወቁ?»

«የዚህ አገር ምድጃ ሁሉ እንዲያ ነው።»

ሶላንዥ ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ጠረገች። ከኋላዋ አባቷ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰማች፤ ድምፃቸው ግን አሁን ቀጥኗል።

«ምድር ቤት አለው?»

«አለ እንጂ! ቁርስ የምናቀርበው እዚያ ነው። የድሮዎቹን በርሜሎች እንኳ አልጣልናቸውም።»

ሲወርዱ ባለቤቲቱ «ጭንቅላትዎን!» ከማለቷ በፊት ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ዝቅተኛውን በር አልፈዋል። በርሜሎቹ ቆመው፣ በላያቸው ክብ መስታወት ተደርጎ ጠረጴዛ ሆነዋል፤ በየመስታወቱ ላይ አንዳንድ ሻማና አንዳንድ የማርማላታ ብልቃጥ አለ። ሙሴ ፌርናን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ መጀመሪያው በርሜል ሄደው፣ በተጣጠፈ ጣታቸው እንደ በር አንኳኩት።

«ኢቬት አርፋለች» አሉት።

ሶላንዥ ክው ብላ ቀረች። አያቷ የሞቱ ዕለት ትዝ አላት። እናቷ ሽርጧን ሳትፈታ፣ ቄሱም ሳይጠሩ፣ ፋኖስ ይዛ እዚህ ወርዳ ነበር። በዚህ ቤት ሰው ሲሞት፣ ሳይቀበር ለወይን ጠጁ ይነገረዋል፤ ካልተነገረው ይቀየማል፣ ይኮመጥጣል ይባላል። እናቷ በርሜሎቹን አንድ በአንድ እያንኳኳች «ጌታችሁ አርፏል፤ ከእንግዲህ ጠባቂያችሁ ፌርናን ነው» ስትል ትንሿ ሶላንዥ ቀሚሷን ይዛ ትከተላት ነበር።

«ኢቬት አርፋለች» አሉ ሽማግሌው ለሁለተኛው በርሜል፣ ከዚያም ለሦስተኛው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ባለቤቲቱ በሹክሹክታ።

«መርዶ እየነገሩ ነው። ሚስታቸው ናት፤ እናቴ። ቤቱ የእኛ ነበር።»

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ግን… ባዶ እኮ ናቸው።»

«ያውቃሉ» አለች ሶላንዥ።

የመጨረሻው በርሜል ላይ የአባቷ ጣት እንጨቱን ነካ፣ ቃሉ ግን አልወጣላቸውም። ሶላንዥ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች፣ ብልቃጡን ወደ ጎን አድርጋ መስታወቱን ገፋችና አንኳኳች። እንጨቱ የባዶ ቤት ድምፅ ሰጠ።

«እማዬ አርፋለች» አለች። «ከእንግዲህ ጠባቂያችሁ…»

እዚያ ላይ ቆመች። አባቷ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የሚቀጥለውን ስም ጠበቁ። እሷ እጇን ከእንጨቱ አላነሳችም። አፏ ላይ የመጣው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እሱም በርሜሎቹን ትታ የሄደችው የእሷ የራሷ ስም ነው።

«በቃ፣ ልጄ» አሉ ሙሴ ፌርናን በመጨረሻ። «ሰምተዋል።»

መስታወቱን ቀስ ብለው መለሱ፤ ከዚያም የማርማላታውን ብልቃጥ አንስተው መሀሉ ላይ አስቀመጡት።