የሐሰት መርዶ

ጦሩ ሰቆጣ ዙሪያ ሲሰፍር ይሄይስ የሚሉት የመረጃ ሰው አብሮ መጣ። ደርባባ ነው፤ ለአሮጊት ከመቀመጫው ይነሳል፣ የአገሩን ቋንቋ ኽምጣንጋንም ይችላል። እንዲህ ያለውን ነው እንግዲህ መፍራት። ማንንም አይገርፍም። የማን ልጅ ጫካ እንደገባ ማወቅ ሲያምረው፣ ለእናትየው መርዶ ይልክባታል፤ በቃ።

ወጉን ያውቀዋላ። ዘመድ አስገድዶ፣ ነጠላ አስዘቅዝቆ፣ ገና ሳይነጋ ይሰዳል። ልጅሽ ጫካ ውስጥ ተመትቶ ሞተ ይሏታል። ልጇ ዐረብ አገር ያለ እንደሆን ትስቃለች፤ ጫካ ያለባት ትጮኻለች። እናትነሽ የሚሏት ሴት እንዲህ ጮኸች፤ ወሰዷት። ልጇ ደህና ነበር እኮ። እናቴን ልቀቁ ብሎ ቢመጣ ደጇ ላይ ደፉት።

ጎረቤቷ ወለተጊዮርጊስ ይህን በዓይኗ አይታለች። ምሳው ሳዑዲ ነው ብላ ለአገር ምድሩ አውርታለች እንጂ፣ ልጇ ከጓደኞቹ ጋር ተከዜ ገደል ውስጥ ነው። ቦታውን የሚያውቁ እሷና ኒሯቅ የሚኖረው ወንድሟ ቢያዝን ናቸው። እንባዋ ካመለጣት ምሳው አለቀለት።

አንድ ንጋት ቢያዝን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከች አለ። ጦሩ ከሰፈረ ወዲህ ወደዚህ ዝር ብሎ አያውቅም። ነጠላው ተዘቅዝቋል። ጉልበቱ አፈር በአፈር ነው። አንበርክከውታል፣ አለች በልቧ። ጎረቤት ያረፈው ወታደር አጥር ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

«እታለም» አለ ቢያዝን አቀርቅሮ፣ «ምሳው ተመትቶ... አረፈ።»

ሳቀች።

«ምሳው? ትናንት ከጅዳ ደውሎ ሲያስቀኝ አመሸ። ንፍሮ ካማራችሁ ቀቅይልን በሉኝ እንጂ፣ ልጄን ምን ልትገድሉብኝ።»

«አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አሏት አንደኛው ሽማግሌ።

«እርስዎም አባቴ? በዚህ ዕድሜዎ?» አለችና ጠላ ቀዳችላቸው። ቢያዝን ጠላውን ይዞ እንዲሁ ያያታል፤ አፉ ድረስ እንኳ አላደረሰው።

ወታደሩ መፋቂያውን ተፋ። «ይችስ ጫካ ሰው የላትም» ብሎ ለአለቃው ሊነግር ቁልቁል ወረደ።

ዳናው እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ወንድሟን አንገቱን አቅፋ በጆሮው፦

«አይዞህ ወንድምዓለም፣ አልተቀየምሁህም። አስገድደውህ ነው። ልጃችንን አተረፍነው። ይሄይስ ምን ብሎ ነው የላከህ?»

«ይሄይስ ማነው፣ እታለም?»