የልዑሉ ወንበር

ኢሊሊ ከሞተች ሰባት ወሯ ነው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን የእናቷ የዮዲ አክስት፣ እትዬ በላይነሽ፣ ቤቱን አጸዱ። «ዕቃዋን እያያችሁ ስታለቅሱ ልትኖሩ ነው?» ብለው የልጅቱን ነገር ጠራርገው ለቆራሌው ሰጡት። በለወጠላቸው የላስቲክ ባልዲ እስከ ዛሬ ልብስ ያጥባሉ። ዮዲ ግን ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግራቸውም። ለአባትየው ለነገሬ የቀረችው ስልኩ ላይ ያለችው ፎቶ ናት፤ ኢሊሊ ስትስቅ፣ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ።

ነገሬ አናጢ ነው። ኮልፌ ያለችውን የእንጨት ሥራ ቤቱን ከዘጋም ሰባት ወሩ ነው።

እትዬ በላይነሽ መላ ዘየዱ። የዕድራቸው ጸሐፊ አቶ መዝገቡ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ኃላፊ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ድሮ ተቃጥሎ ነበር፤ በቅርቡ እንደገና ተሠርቶ ሙዚየም ሆኗል። ዕቃ የሚጠግን አናጢ ይፈልጋሉ።

«ዛሬ እንደ ጎብኚ ሆነህ ታየዋለህ፤ እሳቸውም አንተን ያዩሃል» አሉት ታክሲ ውስጥ። «አፍህን ብቻ ሰብስብ። ይሄ ካመለጠህ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም። ዮዲን ምን ልታበላት ነው?»

«እሺ እትዬ።»

አፉን አልሰበሰበም።

አቶ መዝገቡ ረጅም ዘንግ ይዘው መግቢያው ላይ ተቀበሏቸው። «ይህ በር የመቶ ሃያ ዓመት ታሪክ አለው» አሉ።

ነገሬ ማጠፊያውን ነካ አደረገ። «ብሎኖቹ ግን ገና ዋስትናቸው አላለቀም።»

እትዬ በላይነሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

የግብር አዳራሹ ምሰሶዎች እንጨት እንዲመስሉ ቡናማ ቀለም ተቀብተዋል። «ንጹሕ ጽድ ነው» አሉ አቶ መዝገቡ፤ በዘንጋቸው መታ መታ እያደረጉ።

«ከነፌሮው ነው የበቀለው?»

«ምን አለ?»

«ደስ ይላል ነው የሚለው» አሉ እትዬ በላይነሽ ፈጠን ብለው።

የንጉሡ አልጋ ራስጌው ቺፑድ ነበር። ነገሬ አጎንብሶ ጠርዙን አየ። «ከኮንዶሚኒየሙ ጋር ነው የደረሳቸው?»

የአቶ መዝገቡ ፊት ጠቆረ። «ልጄ፣ እዚህ የሚሠራ ሰው ታሪክ ማክበር አለበት። ለማላገጥ ከሆነ በሩ ያው ክፍት ነው።»

«ያከብራል፣ ያከብራል! ሐዘን ላይ ሆኖ ነው» አሉ እትዬ በላይነሽ። ቀጥለውም ወደ ነገሬ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «አንድ ቃል ድገምና እዚሁ ትቼህ እሄዳለሁ» አሉት።

የመጨረሻው ክፍል የልዑሉ ነው። መሃሉ ላይ፣ በቀይ ገመድ ተከልላ፣ አንዲት የልጅ ወንበር ቆማለች። እንደ ከሰል የጠቆረች ናት። አንድ እግሯ አጠር ይላል።

«ልዑሉ በሕፃንነታቸው የተቀመጡባት» አሉ አቶ መዝገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በስንት ልመና ነው ያገኘናት። አንድ ምስማር የላትም፤ ሁሉም በእንጨት ችንካር ነው። መደገፊያዋ ላይ ያለው ደግሞ የልዑሉ ጥርስ ምልክት ነው። አየሽ በላይነሽ፣ የግራው ምልክት ግማሽ ነው። ባለሙያ አስመርምረን ‹ንጉሣዊ አነካከስ› ብሎልናል።»

«ወይ መታደል!» እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን ያዙ። «እንዲህ ያለች ወንበር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!»

አቶ መዝገቡ ወደ ነገሬ ዞሩ። «እስቲ አዋቂው ይናገር። እቺስ እውነተኛ ናት ወይስ አይደለችም?»

እትዬ በላይነሽ ዐይናቸውን ጨፈኑ። በሳቸው ቤት ሥራው ያኔ አበቃለት።

ነገሬ ገመዱን ተሻግሮ ተንበረከከ። ወንበሯን ገልብጦ አያት። አሸተታት፤ ጥቁረቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር። አውራ ጣቱን በጥርሶቹ ምልክት ላይ አንድ በአንድ አሳለፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት። 

«እውነተኛ ናት» አለ።

«አላልኩም!» አሉ አቶ መዝገቡ።

«እግሯ አጭር ነው ብላችሁ እንዳታስጠግኗት። ሠሪዋ ቸኩሎ ነው። እንዲሁ ትሁን።»

አቶ መዝገቡ እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሰኞ ጠዋት ሥራ እንዲጀምር ነገሩት።

ሲመለሱ እትዬ በላይነሽ ከታክሲው መነሻ እስከ ፌርማታው ድረስ ሳቁ። «አንተ ቀጣፊ! በሩን ስትሰድብ፣ አልጋውን ስትሰድብ ቆይተህ፣ ያቺን ጥቁር ጉድ ‹እውነተኛ ናት›! እንጀራ ሲመጣ ምላስህ ታጠፈልህ፣ አይደል?»

ነገሬ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

«ግድ የለም» አሉት፣ ጉልበቱን መታ መታ አድርገው። «ለእንጀራ የተዋሸ ውሸት እግዜርም አይቆጥረው።»

ቤቴል ያለው ቤቱ ሲደርስ በሩን የከፈተችው ዮዲ ናት። «እህ፣ ሥራውስ?» አለችው።

«የኢሊሊን ወንበር አገኘኋት» አላት። «በቀይ ገመድ ከልለዋታል፤ ከእንግዲህ ማንም ለቆራሌው አይሰጣትም።»