መቀነት ውስጥ ያለችው ማዞሪያ

ሚኪያስ ባቱ ከተማ ወዳለው ሥራው ሲመለስ ለእናቱ ለወይዘሮ ቡዜ ሽቦ የሌላት ክብ ማዞሪያ ሰጣቸው። ሲያዞሯት የሬዲዮውን ድምፅ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች፤ ሁለቴ ሲጫኗት በሩን ትከፍታለች።

«በር የማልከፍት፣ እጄ ተቆርጧል እንዴ?» አሉት። ቢሆንም እንደ ቁልፍ መቀነታቸው ላይ ቋጠሯት።

በማግስቱ ለጎረቤታቸው ለወዬሳ ቀብር ሊወጡ ሲሉ በሩ እምቢ አለ። ሬዲዮውም በራሱ ይጮህ ጀመር። ለልጃቸው ደወሉ።

«እማዬ፣ የማዞሪያዋን ባትሪ አውጪው፤ በሩ ይለቃል።»

«ወዬሳን ሳልሸኝ ብቀር ወዮልህ።»

ባትሪውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ባዶዋን መልሰው ቋጥረው፣ አልለቅ ያለውን በር እየጮኹ በሁለት እጃቸው ደበደቡ። ለቀስተኛው በደጃቸው እያለፈ ነው፤ ሬዲዮው ግን ጩኸታቸውን ዋጠው።

ሆዳቸው ላይ፣ መቀነቱ ውስጥ፣ ማዞሪያዋ ቀስ ብላ ስትዞር ተሰማቸው።