ሦስተኛው መስመር

የሺሐረግ ጣቷን ከመዝገቡ ላይ አላነሳችም።

“የለሜሳ ልጆች እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ ልጄ” አሏት የአቃቂ ባቡር ጣቢያን አሮጌ የሠራተኛ ቤተሰብ መዝገቦች የሚጠብቁት ሽማግሌ። “ተሰማና አሰለፈች። ሌላ የለም።”

ዘመዶቿም ሁልጊዜ የሚሏት ይኸንኑ ነበር፤ አባትሽ የለሜሳ ልጅ አይደለም፣ የውርስ ቤቱም አይመለከትሽም።

“ከአሰለፈች ሥር ያለውን ያንብቡልኝ።”

“እሱ እኮ ስም አይደለም።”

እሷ ግን ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩት አያቷ ለሜሳ ለልጆቻቸው ስም የሚያወጡት ከዘመኑ እንደነበር ታውቃለች። ተሰማ የተወለደው የወልወል ግጭት የተሰማ ሰሞን ነው፤ አሰለፈች ደግሞ ጦሩ ተሰልፎ ሲዘምት። ሦስተኛው ልጅ የመጣው ጣልያን ከገባ በኋላ፣ አያቷ ለአዲሱ አለቃ ባርኔጣዬን አላወልቅም ብለው በተገረፉበት ሳምንት ነበር።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው የያኔው የጣልያኑ አለቃ አስተርጓሚ የጻፈውን አነበቡ። “ወንድ ሕፃን። አባትየው የልጁን ስም ሲጠየቅ፣ እምቢ አለ።” ከዚያ ቀና አሉ። “አየሽ፣ ስሙን ሊናገሩ አልፈለጉም።”

“ተናግረዋል።”

“እንዴት አድርገው? ለመሆኑ አባትሽ ማን ይባላሉ?”

“እምቢአለ።”

መስመሩን ደግማ ያነበበችላቸው መስሏቸው፣ “እሱንማ እኔም አነበብኩት” አሉ።

“ማንበቤ አይደለም” አለች፣ መታወቂያዋን ከመስመሩ ሥር እያስቀመጠች። “የአባቴን ስም መንገሬ ነው።”