የታጠበው ስም

የማዋለጃ ክፍሏ ኃላፊ ነርስ ባዶ የሆኑ ሁለት የጨቅላ ሕፃናት መለያ የእጅ ማሰሪያዎች ይዛ የግዢ ክፍሉን በር በርግዳ ገባች። ሕፃናቱ ገና አንዴ ሲታጠቡ የእናቶቻቸው ስምም ባርኮዱም ከማሰሪያው ላይ ታጥቦ ሄዷል።

«ይኼን ማሰሪያ የመረጠው ማነው? ሁለት እናቶች አንዱን ሕፃን የእኔ ነው፣ የእኔ ነው እየተባባሉ ነው።»

«ሲስተር፣ እባክሽ ቁጭ በይ» አሉ የግዢ ኃላፊው አቶ ላቀው።

«አልቀመጥም። ውሃ ሳያስነካ የፈረመውን ሰው ስም ይንገሩኝ፤ ዛሬ ልክ አስገባዋለሁ።»

አቶ ላቀው የግዢውን ፋይል ገልጠው አዞሩላት። «የማሰሪያው ናሙና በውሃ ተፈትኖ ጸድቋል» ከሚለው በታች ያለው፣ ባለፈው ሰኔ ወደ ምጥ ክፍል ስትሮጥ ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ግድግዳ አስደግፋ የፈረመችው የራሷ ፊርማ ነበር።